ሁለቱ የጓሮ ባቡሮች

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለክንዱ ልጅ ለሲሳይነሽ፣

የሰማይና የምድር ጌታ በምትረግጪው የባዕድ ምድር ሁሉ ይቅደምልሽ። እንደምን ከረምሽ? እኔና ጌጥነሽ፣ ላሟም ጭምር፣ ቸርነቱ የማያልቅበት አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ምሥራቅ ጀርመን በሰላም መግባትሽን በቆርቆሮ ሠሪው በዑስማን ፖስታ ሣጥን ከመጣችው ካርድ ዐወቅን። ካርዷ ላይ ያለው የድሬስደን ድልድይ መልካም ነው። እግሮቹ ግን በጣም ተራርቀዋል።

አባትሽ፣ የአጎቴ ልጅ፣ አንቺን በእጄ ሲያስረክበኝ ያለኝ ቃል «አስተምራት» የሚል ብቻ ነበር። ስለዚህ ተማሪ። የሽመና ፋብሪካ ትምህርት ሦስት ዓመት ነው ብለሽኛል። በሦስት ዓመት ጨርሰሽ ትመለሺና ባሕር ዳር ትገቢያለሽ። አራተኛ ዓመት የሚባል ነገር እንዳልሰማ።

በእጄ ስለሠራሁት ትንሽ የጓሮ ባቡር ሳትጠይቂኝ አትቀሪም ብዬ እጽፋለሁ። አንቺ ስትሄጂ ከዋንዛው ሥር ተነሥቶ እስከ ጌሾው ይወርድ የነበረው ሐዲድ በዚህ ክረምት ግማሹ በጎርፍ ሄደ። ቀዩ አፈር እንደ ገንፎ ላላ። ያየ ሁሉ «አሁንስ ይተዉት» አለኝ። አልተውኩትም። በጉልምስናዬ በድሬዳዋ መስመር ላይ ሐዲድ ስጠግን የተማርኩት ነገር ቢኖር ሐዲድን የሚገድለው ባቡሩ ሳይሆን ውኃ መሆኑን ነው። መደቡን ከፍ አድርጌ፣ በግራና በቀኝ ቦይ ቀድጄ፣ ጎኑን ሁሉ ሰርዶ ተከልኩበት። ሰርዶ የያዘውን መሬት እንኳን ዝናም በሬም አያላቅቀው። ሐዲዱ የሚያርፍባቸውን አግዳሚዎች ከወይራ ፈለጥኩ፤ ሐዲዱንም ከአሮጌ በርሜል አስቆርጬ እንደገና ቸነከርኩ። ፉርጎዎቹ ቁልቁለቱን በራሳቸው ይወርዳሉ። ሽቅብ ሲሆን በእጄ እገፋቸዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የጅጋ ባልቴት፣ በገደፋው ጓሮ ባቡር ገባ ሲባል ሰምታ፣ ልታስፈጭ ጤፏን ተሸክማ መጣች። ፉርጎዎቹን ዞር ዞር ብላ አየችና «ይኸማ ምኑን ይፈጫል፣ ጥርስ እንኳ የለው!» ብላ ተቆጥታ ሄደች። ጌጥነሽ እስካሁን ትስቃለች።

እንዲህ ያለ ነገር በጓሮው የሠራ ሰው በሐበሻ ምድር የለም። በሌላም አገር ይኖራል ብዬ አላስብም። ካለ ጻፊልኝ። ዕቃ ግን አትላኪ።

የአባትሽ አምላክ አይለይሽ።

ገደፋው ቢሆነኝ


ድሬስደን፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አያ ገደፋው፣ ለእማማ ጌጥነሽም፣

በረዶ ከሸፈነው አገር የተነሣው ሰላምታዬ ሙቀቱን ሳይለቅ ከደጃችሁ ይድረስ። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። እኔ ከብርዱ በስተቀር ምንም አልጎደለብኝም። እግሬ ላይ ሁለት ካልሲ፣ በላዩ ላይ ሦስተኛ አደርጋለሁ።

«ካለ ጻፊልኝ» ብለውኛልና እጽፋለሁ፦ አያ፣ አለ!

እዚህ እሑድ እሑድ የውጭ አገር ተማሪዎችን ቤታቸው የሚጠሩ ሰዎች አሉ። እኔን የሚጠሩኝ ኩርት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ጣቢያ ላይ ምልክት ሲሰጡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ዐርፈዋል፣ ልጅ የላቸውም። መጀመሪያ ቀን ወደ ጓሯቸው ስገባ እግሬ ከመሬት ተጣበቀ። በፖም ዛፎቹ መካከል ሐዲድ ይዞራል! ዋሻ አለው፣ ጣቢያ አለው፣ በጣቢያው መስኮት ውስጥ መብራት ይበራል። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ሽቅቡን ሳይንገዳገድ ይወጣዋል። ከፊቱ ማረሻ የመሰለ ነገር ገጥመውለት በረዶውን እየጠረገ ያልፋል። «ይኸ የኛም ቤት አለ!» ብዬ ስጮኽ ያበድኩ መሰላቸው።

አሁን አባባ ኩርት እላቸዋለሁ፤ ሲሰሙት ደስ ይላቸዋል። ስለ እርስዎ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የበርሜሉን ብረት፣ ዋንዛውን፣ ጌሾውን። «ሽቅብ በምን ይወጣል?» አሉኝ። በእጅ ይገፋል ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚህ ጋር የጓሮውን ፎቶግራፍ ልኬያለሁ። ዳር ላይ ቆማ የምትስቀው እኔ ነኝ፤ ካፖርቱ ውስጥ ከጠፋሁብዎ ብዬ ነው የምነግርዎ።

እግራችሁን ስሜአለሁ።

ሲሳይነሽ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 21 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለሲሳይነሽ ክንዱ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደኅና ነን።

ፎቶግራፉን በመነጽርም ያለ መነጽርም አየሁት። የሰውየው ሐዲድ ቀጥ ያለ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ከፋብሪካ የተገዛ ነው። የተገዛ ነገር ቀጥ ቢል ምን ይደንቃል? የዋሻው አፍ ጠቧል፤ ፉርጎው ላይ ጥቂት ከፍ ያለ ነገር ቢጫንበት ይጋጫል። ለነገሩ ምንም አልተጫነበትም፤ ባቡሩ ባዶውን ይዞራል። እኔ መስመር ላይ በነበርኩበት ዘመን ባዶውን እየዞረ የሚውል ባቡር አላየሁም። ምን ሊያመጣ ነው የሚዞረው?

ራሱን ነቀነቀ ብለሻል። ሰው ራሱን ሲያደንቅም ሲንቅም ይነቀንቃል። የትኛው እንደሆነ አልጻፍሽም።

አባባ እንደምትይውም ጽፈሻል። ትንሽ ልጅ ሆነሽ እዚህ ቤት ስትገቢ እኔን አባባ ማለት ጀምረሽ ነበር። «አባትሽ ክንዱ ነው፤ እኔ አያ ነኝ» ያልኩሽ የሙት ስም እንዳይጠፋ ነው። ስሙ ለእኔ ካልተገባ ለጀርመኑ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን የጻፍኩት በቁጣ አይደለም።

ጌጥነሽ ከጎኔ ሆና «ቀናሁ በልና ገላገለን፣ ወረቀቱም ይተርፍልሃል» ትላለች። አልቀናሁም። ሰው ዐይቶት በማያውቀው ሰው አይቀናም።

እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ሐዲዱ ስንት ጣት ይሰፋል? ኩርባው ላይ ሲዞር የማይገለበጠው በምን ዘዴ ነው? ዳገቱስ ምን ያህል ነው? እንደ ራስሽ ጥያቄ አድርገሽ ጠይቂው። የእኔን ስም አታንሺ።

ገደፋው ቢሆነኝ


ድሬስደን፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አያ ገደፋው፣

ዐፈሩ ከበረዶ ሥር ወጥቶ ዛፉ ሁሉ ሲያብብ እኔም ስለ እናንተ ጤና አምላኬን እየለመንኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እማማ ጌጥነሽን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። እርስዎ ካልሳሙልኝ እሳቸው በራሳቸው እጅ ይዳብሱልኝ።

እንዳሉኝ እንደ ራሴ ጥያቄ አድርጌ ጠየቅኋቸው። ጥያቄውን ሳልጨርስ «የፍኖተ ሰላሙ ሰው ነው የላከሽ» ብለው ሳቁብኝ። ሐዲዳቸው አራት ጣት ነው። ኩርባው ላይ የውጭውን ሐዲድ ከውስጠኛው በትንሹ ከፍ ያደርጉታል፤ ባቡሩ ወደ ውስጥ ያዘነብልና ይዞራል። ዳገቱ ለዓይን አይታወቅም፣ ብርጭቆ ውኃ ቢያስቀምጡበት ብቻ ይታወቃል።

ከዚያ እርሳስ ሰጡኝና «የሱን ጓሮ ሣዪልኝ» አሉ። ሣልኩላቸው። የወይራ አግዳሚዎቹ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን አስቀመጡበት። «ይኸን እንጨት ራሱ ፈለጠው? በእጁ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። በሚቀጥለው እሑድ ስሄድ የፋብሪካውን አግዳሚ ሁሉ ነቅለው፣ የፖም ግንድ እየፈለጡ፣ አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አገኘኋቸው። እኔ ሌላ አልናገርም። ብቻ የሚቀና ሰው ምን እንደሚመስል ካሁን በፊትም ቤት ውስጥ ዐይቻለሁ።

አባባ ስላልኳቸው፦ አያ፣ ስም ከከለከሉ በኋላ ስሙ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ እንዴት ያለ ፍርድ ነው? ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ቤት ጎርሼ ነው ያደግሁትና አፌም የእርስዎው ነው።

ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ባሕር ዳር በሚመለስ ልጅ እጅ አንዲት የባቡር ራስ ይላክልዎታል። የላኩት እሳቸው ናቸው። ዕቃ አትላኪ ያሉት እኔን ነውና ትእዛዝ አልጣስኩም።

ሲሳይነሽ


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለክንዱ ልጅ ለሲሳይነሽ፣

አዝመራውን የባረከ አምላክ አንቺንም በሄድሽበት ያለምልምሽ። እኛ ደኅና ነን። የዘገየሁት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው።

የላከው የባቡር ራስ ደርሶኛል። ሐዲዴ ላይ አላወጣሁትም። አይገጥምም፤ የእኔ አምስት ጣት ነው፣ የሱ አራት። ጌጥነሽ «እንግዲያ ሐዲድህን አጥብበው» አለች። ለማንም ብዬ አልጠብም። ደግሞም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ የከተማው መብራት የሚመጣው ከመሸ ነው፣ እኔ ከመሸ ባቡር አልነዳም። መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ፊቱን ወደ ጓሮው አዙሬዋለሁ፤ እንዲያይ።

አሁን የምጽፈውን ቃል ሳታጎድዪ ተርጉሚለት። ባቡሬ ሽቅብ ወጣ።

ዑስማን ፉርጎዎቹን የምትጎትተውን የእንፋሎት ጋን ከመዳብ በየደልኝ። በታቿ የምትነደው ኩራዝ በላምባ ጥቀርሻ ስላበዛች የጌጥነሽን የዳጉሳ አረቄ ሞከርኩ። ተራው እምቢ አለ። ደግማ ያወጣችው ግን ሰማያዊ ነበልባል አውጥቶ ነደደ። ጠርሙሱን ለዑስማን ሳቀብለው እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ እኔ የገባሁት ለብየዳው ነው። እሱን እርስዎ ይቅዱት።»

«አንተ አትጠጣው፤ ባቡሩ ነው የሚጠጣው።»

«ባቡሩ ሃይማኖቱ ምንድን ነው?»

«እንደ ሠሪው ነው።»

«እንግዲያ ግማሹ የኔ ነው። በግማሹ ብቻ ይቅዱለት።»

ጌጥነሽ ከሳቋ የተነሣ መሬት ተቀመጠች። ኋላ ግን ጠርሙሱ እየጎደለ ሲሄድ ሳቋም ጎደለ። «ባልስ ቢጠጣ ይዘፍናል፤ ይኸ ያንተው ጠጥቶ ማፏጨት ብቻ!» ትላለች።

ቦዩን የሚሻገር ድልድይም ሠርቻለሁ። ድንጋዩን ያያያዝኩት ኖራ በእንቁላል ለውሼ ነው፤ የጥንት ነገሥታት ድልድዮች እንዲህ ነው የተሠሩት ይባላል። «ዶሮዎቼ ለድልድይ ነው እንዴ የሚጥሉት?» አለች ጌጥነሽ። ለድልድይ ነው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር መጥቶ ድልድዩ ላይ መፈክር እንዲሰቀል አሳሰበኝ። ድልድዩ ክብደቱን አይችልም አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየውና ተቀበለኝ። በኩርባው ላይ የውጭውን ሐዲድ ከፍ አድርጌዋለሁ። ይህን ከሱ አልወሰድኩትም፤ ድሬዳዋ አውቀው ነበር፣ ዘንግቼው ነው እንጂ።

ከቡሬ የመጣውን በርበሬ ከስጡ እስከ ጓዳው ደጃፍ በፉርጎ አመላለስኩ። ንገሪው፤ የገደፋው ባቡር ባዶውን አይዞርም።

የሱን መልስ አልፈልግም። ስትነግሪው ፊቱ ምን እንደመሰለ ግን ጻፊልኝ።

ገደፋው ቢሆነኝ


ድሬስደን፣ ግንቦት 25 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አያ ገደፋው፣ ለእማማ ጌጥነሽም፣

ሰላም ከቤታችሁ፣ በረከት ከጓዳችሁ፣ እንፋሎትም ከጋኑ አይጥፋ።

ፊታቸው ምን እንደመሰለ ጻፊልኝ ብለዋል። ቀላ። «አረቄ?» አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ስመጣ አንደኛው ቅንድባቸው የለም። በአገራቸው መጠጥ እሳት ለኩሰው ሞክረውት ነበር።

አሁን የምጽፈው ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ተስፋው የሚባል የመራዊ ልጅ እዚሁ የበቆሎ ዘር ነገር ይማራል። ቤተሰቡ አራሾች ናቸው፣ ጨዋ ነው። ሊያገባኝ ይፈልጋል፤ እኔም ልቤ አልጠላውም። እዚህ ያሉት ያገራችን ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ልጅቱ ያለ በር አትጠየቅም» አሉ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት አንድ የደብረ ማርቆስ ሰው «በዚህ አገር በሯ የኩርት በር ነው» ብለው ፈረዱ። ለእኔም ሳይነግሩኝ አንድ እሑድ ኮትና ከረባታቸውን አድርገው፣ ሽማግሌ ሆነው መጡ።

አባባ ኩርት ወንበር አወጡላቸው። አልተቀመጡም። ሌላ ወንበር ይሆናል የፈለጉት ብለው ትራስ ያለውን አመጡ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሽማግሌዎቹ በአማርኛ። እሳቸው ባቡሩን ሊያዩ የመጡ ዓይን አፋር እንግዶች መስለዋቸው ቁልፉን ነክተው አስነሡት። አያ፣ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ባቡሩ በፖሞቹ መካከል ሲዞር በቆሙበት በዓይናቸው ሲከተሉት! አንደኛው በጎን «ይኸ እምቢ ማለቱ ነው?» ሲል ሰማሁት።

መጨረሻ የማስተረጉመው እኔው ሆንኩ። ስለ ራሴ ጋብቻ፣ በራሴ አፍ! መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አባባ ኩርት ሲገባቸው አለቀሱ፤ እዚያው በቆሙበትም «ይሁን» አሉ። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። «አንድ ቀን እንኳ ሳይቀጥረን! ልጅቱን ጠልቷት ነው እንዴ?» ተባባሉ።

ይህን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። የእርስዎን ቃል እጠብቃለሁ።

ሲሳይነሽ


ድሬስደን፣ ነሐሴ 28 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አያ ገደፋው፣

በያላችሁበት ሰላም ይብዛላችሁ። በግንቦት የጻፍኩት እንደደረሰዎት ዑስማን ለተስፋው ወንድም ነግሮታል። ዝምታዎን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ እንስራ የሰበርኩ ጊዜም እንዲህ ነበሩ። ያኔ ግን አንድ ቤት ውስጥ ነበርንና ፊትዎን እያየሁ እገምት ነበር። ከዚህ ሆኜ ምን ልገምት?

ሲሳይነሽ


ፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሲሳይነሽ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሰኔ ነው። ክረምቱን ሙሉ ይዤው ከረምኩ። በሰኔ ብጽፍ ኖሮ ከዚህ የከፋ ታነቢ ነበር።

የክንዱ ልጅ በር አላት። በሯ ፍኖተ ሰላም ነው፤ በሩ ላይ የቆመ ሰውም አለ። ሽማግሌ የእኔን በር አልፎ የባቡር ምልክት ሰጪ በር ላይ ቆመ። እሱም መለሰ። ባዕድ ነው፣ አያውቅም ብዬ ላልፈው እችል ይሆናል። ያለ ቀጠሮ ግን! ፍየሉን የሚሸጥ ሰው እንኳ አንድ ሌሊት ያድርበታል።

በሐዲድ ቢበልጠኝ ሐዲድ ነው። በዋሻ ቢቀድመኝ እኔም እቆፍራለሁ። ይኸ ግን የእኔ ነበር።

የሱ «ይሁን» እኔ ዘንድ ቃል አይደለም። የመራዊ ሰዎች ከፈለጉ መንገዱን ያውቁታል። መልሴ ምን እንደሚሆን ግን ከአሁኑ አልናገርም።

ባቡሩ ደኅና ነው።

ገደፋው


ድሬስደን፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አያ ገደፋው፣

ቁጣዎ እስኪበርድ የጠበቀኝ አምላክ ለእናንተም ጤናውን ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው። እውነት አለዎት፤ በሬ እዚያ ነው። ያለ እርስዎ ቃል አላገባም። ተስፋውም ይህን ያውቃል፤ አባቱም ወደ እናንተ ለመምጣት ተነሥተዋል። እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ ያልኩትን አላጥፍም። ግትርነቱን የወረስኩት ከማን እንደሆነ ያውቁታል።

ለአባባ ኩርት ደብዳቤውን ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ሁሉንም። ከዚያ «በእናንተ አገር የበደለ ሰው ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ከተበደለው ሰው ፊት ይቆማል፣ ተበዳዩ «ማርኩህ፣ አውርደው» እስኪለው ድረስ አያወርደውም አልኳቸው። እንዲያው ለወግ ነበር የነገርኳቸው። በሚቀጥለው እሑድ ከወንዙ ዳር ድንጋይ በእጅ ጋሪ ሲገፉ አገኘኋቸው።

ፎቶግራፉን ይመልከቱት። በረዶው ውስጥ የቆሙት እሳቸው ናቸው። ድንጋዩ እውነተኛ ነው። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ደብዝዟል። «መልሱ እስኪመጣ ስንት ጊዜ ነው የምሸከመው?» አሉኝ። ደብዳቤው ወር ከሁለት ወር ስለሚፈጅ ያውርዱት ብዬ ለመንኳቸው። አወረዱት፤ ያወረዱት ግን ሐዲዱ ላይ ነው። «የፍኖተ ሰላሙ ሰው እስኪያነሣልኝ ባቡሬ አይሄድም» ብለዋል። ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ቆሟል። ትናንት ሄጄ በረዶው ሐዲዱንም ድንጋዩንም ሸፍኖት አየሁ። እሳቸው በመስኮት ያዩታል እንጂ አይወጡም።

ሁለታችንም እየጠበቅን ነው።

ሲሳይነሽ


ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲሳይነሽ፣

ሞትን ድል የነሣው ጌታ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። በምትማሪበትም፣ በምትኖሪበትም፣ ወደፊትም ጎጆ በምትወጪበት ቤት ብርሃኑ አይለይሽ። ይኸ ሰላምታ ለኩርትም ይድረስ። አምላክ ጤናውን ይስጠው፤ ቅንድቡንም ይመልስለት።

የተስፋው አባት ከዘመዶቹ ጋር መጀመሪያ የመጣው ከጥምቀት በኋላ ነው። ዋንዛው ሥር ቆሙ። አሰብኩና ቀጠርኳቸው። በቀጠሮው መጡ፤ ደግሜ ቀጠርኳቸው። የመራዊ ሰው ጨዋ ነው፤ አላጉረመረሙም። አንዱ ብቻ «ጌታው፣ እግራችን ዛለ» አለ። «ጀርመን አገር የቆሙትም ዝለው ነበር፤ ቶሎ ስለተመለሰላቸው አልታወቃቸውም። የክንዱ ልጅ ርካሽ አይደለችም» አልኩት። በሌላም ቀጠሮ መጡና ባዶ እጃቸውን መለስኳቸው። ጌጥነሽ አኮረፈች። ምግቤን እያቀረበች፣ ቃል ግን ሳታቀርብ ከረመች።

ከፋሲካ በኋላ ሲመጡ ባቡሩ ድልድዩን እየተሻገረ ነበር። የተስፋው አባት እስኪያልፍ ጠበቀና «አያ ገደፋው፣ እኛ የምንጠይቅዎ ልጅ ነው ወይስ ባቡር?» አለኝ።

«ባቡር ብትጠይቁኝ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እመልስላችሁ ነበር፤ እምቢ ነው» አልኩት።

«ልጅቱስ?»

ቀጠሮ ልሰጥ አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ከመራዊ ድረስ መጥቶ አቧራ ለብሶ ቆሟል፤ እኔም ሌላ የምቀጥርበት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። «ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡ» አልኩ። ጌጥነሽ ከጓዳ እልል ስትል ሰማሁ። ከበሩ ኋላ ቆማ ትሰማ ኖሯል።

ይኸ ስላንቺ ነው። ስለ ድንጋዩ ደግሞ ልጻፍ።

ፎቶግራፉ የደረሰኝ በየካቲት ነው። ድንጋዩ ትንሽ አይደለም። አያያዙን ግን አያውቅበትም፤ ድንጋይ የሚያዘው አንገት ላይ ነው እንጂ ትከሻ ላይ አይደለም፤ እንዲህ ይዞ ብዙ አይቆምም። በየካቲት «አውርደው» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍኩም። ባቡሩ መቆሙን ሳነብ ደስ አለኝ፤ የማልደብቀው ነገር ነው። በዓለም ላይ የሚሄደው የጓሮ ባቡር የኔ ብቻ ይሁን ብዬ በየቀኑ ጋኗን አሞቅሁ፣ በየቀኑ ነዳሁ። ጾሙ ገባ፤ ነዳሁ።

ብቻውን የሮጠን የሚቀድመው የለም ይባላል። እኔንም የቀደመኝ አልነበረም። ግን እየቆየ ኩራዟን ለኩሼ መነሣት ሰለቸኝ። ከዋንዛው ባሻገር ሐዲዱን ላስረዝም ችካል ተክዬ ነበር፤ አስረዝሜ ለማን ላስነግር ብዬ ተውኩት። ዑስማን መጥቶ «ጋሼ፣ ባቡሩ ታመመ እንዴ፣ ፉጨቱ ከተሰማኝ ቆየ» አለኝ። ባቡሩ አልታመመም።

ስለዚህ ሂጂና ከፊቱ ቆመሽ ይህን በይው፦ ገደፋው ቢሆነኝ ማርኩህ ብሏል፤ ድንጋዩን አንሣና ባቡርህን ንዳ። እኔ ዋሻ ልቆፍር ነው፤ አፉም እንዳንተ አይጠብም። ይህንንም በይው።

ሰርግሽ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ስትመለሺ፣ በሚመጣው ጥር፣ ከዚህ ደጅ ይወጣል። ኩርትም መንገድ ከፈቀዱለት ይምጣ። ጌጥነሽ አሁኑኑ የት ይተኛል፣ ምን ይበላል እያለች ቤቱን ታምሳለች። ሐዲዴ ላይ እጁን እንዳያሳርፍ ከወዲሁ ንገሪው፤ ማየት ይችላል። በዳሱ ውስጥ የልጅቱ አባት መቀመጫ የእኔ ነው፤ ይህን ለማንም አልለቅም። እሱ ከእኔ በታች፣ ከሌላው ሰው ሁሉ በላይ ይቀመጣል።

ገደፋው ቢሆነኝ